እንጉዳይ፦ ፍርሃቱም ይብቃ፣ ድፍረቱም ይብቃ



ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን በጥቁር ሰሌዳው ላይ «እ»ን ጻፍኩ። ከጎኑ «እንጉዳይ» ብዬ ሥዕሉን ሣልኩ። ሥዕል አልችልም፤ ቢሆንም ጃንጥላ የሚመስል ነገር ወጣልኝ። ተማሪዎቼ ሁሉም በዕድሜ ይበልጡኛል፤ አባቶችና እናቶች ናቸው። ከኋላ ወንበር አንድ አባት «የጅብ ጥላ!» ብለው ጮኹ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ፣ ይህን መርዝ ምነው ከፊደል መካከል ቀላቀልክብን?» አሉኝ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኔ ያደግሁት ጅማ ነው። አያቴ የከፋ ሰው ናት። ክረምት ገብቶ ዝናቡ አንድ ሁለት ሳምንት ከጣለ በኋላ በማለዳ ተነሥታ ወደ ኩይሳው ትሄዳለች። ስትመለስ እግሩ ረጅም፣ ቆቡ ነጣ ያለ እንጉዳይ በቅጠል ጠቅልላ ይዛ ነው። ያን ቀን ቤታችን ዓመት በዓል ነበር። እኛ ልጆቹ ድስቱን በጣታችን እንጠርግ ነበር።

እንግዲህ በአንድ አገር፣ በአንድ ክረምት፣ በአንዱ ቤት ዓመት በዓል የሆነው ነገር በሌላው ቤት የጅብ ጥላ ነው። የትኛው ቤት ነው ትክክል? ሁለቱም ናቸው። አያቴ የምታውቀውን ለቅማ በላች። የእናንተ አያቶች ደግሞ የማያውቁትን ትተው ዳኑ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

በመጀመሪያ እንጉዳይ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ሣር አይደለም፤ ዛፍ አይደለም፤ እንስሳም አይደለም። አረንጓዴ ቅጠል የለውም። ጤፍና ስንዴ ምግባቸውን በፀሐይ ብርሃን ይሠራሉ፤ እንጉዳይ ይህን አይችልም። የሚኖረው የሞተ እንጨት፣ የወደቀ ቅጠል፣ ጭድና ፍግ እየበላ ነው። እኛ የምናየው ጃንጥላ ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካሉ እንደ ነጭ ክር ሆኖ አፈር ውስጥ ወይም እንጨት ውስጥ ተዘርግቷል። ቆቡን ገልብጣችሁ ብታዩ እንደ ደብተር ገጽ የተደረደረ ስስ ነገር ታገኛላችሁ። ከዚያ ላይ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ዱቄት ይረግፋል። ዘሩ እሱ ነው፤ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። አንድም ሰው ሳይዘራው በአንድ ሌሊት በቀለ የምንለው ለዚህ ነው።

ዘመዶቹን ግን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ ዘመዱ ነው። ስንዴያችሁን የሚመታው ዋግ ዘመዱ ነው። በእርሾ ውስጥ ሆኖ ሊጡን የሚያነሣውና ጠላውን የሚያፈላው ደቃቅ ፍጥረትም ዘመዱ ነው። ከአንድ ቤተሰብ ደጉም ክፉውም ይወጣል ማለት ነው። እኚያ «መርዝ» ያሉኝ እናት ራሳቸው በየሦስት ቀኑ በእርሾ ሊጥ ያቦካሉ። ይህን ስነግራቸው «እሱማ የእናቴ እርሾ ነው» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ስለ ኩይሳው እንጉዳይ ትንሽ ልጨምር፤ ነገሩ ይገርማል። ምስጥ ሣርና እንጨት እየተሸከመ ወደ ቤቱ ያስገባል። ከፈጨው በኋላ የማር እንጀራ የመሰለ ነገር ይሠራበታል። በዚያ ላይ የእንጉዳዩን ነጭ ክር ያበቅላል። ክሩ እንጨቱን ያበሰብስለታል፤ ምስጡም ያንን ይመገባል። ምስጥ ገበሬ ነው ብል አላጋነንኩም። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ይህን እርሻ ከጀመረ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኖታል። በወለጋ በኩል ሰብል የሚያጠፋውና የጎጆ ምሰሶ የሚበላው ምስጥም ከእነዚህ ወገን ነው። ዝናቡ ሲበረታ እንጉዳዩ እግሩን እያረዘመ ከኩይሳው ሆድ ወደ ላይ ይወጣል። ዛምቢያ ውስጥ የሚበቅል አንድ የኩይሳ እንጉዳይ አለ፤ ቆቡ እስከ 1 ሜትር ይሰፋል፤ ሕፃን ያስጠልላል። ሰው ግን ይህን ዓይነት እንጉዳይ ያለ ምስጥ አምርቶ ለገበያ ማቅረብ እስከ ዛሬ አልሆነለትም። ምስጡ በልጦናል።

አሁን ወደ ጥቅሙ። እንጉዳይን «የድሃ ሥጋ» የሚሉት አሉ። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። የሚያጋንን ሰው ኋላ አይታመንም። እውነቱን በቁጥር እንየው፤ ቁጥር ማንበብ ተምራችሁ የለ?

ከ100 ግራም ትኩስ እንጉዳይ ውስጥ 90 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። 100 ግራም የኪሎ አንድ አሥረኛ ነው። በውስጡ ያለው ገንቢ ምግብ፣ ፕሮቲን የሚሉት፣ 3 ግራም ያህል ብቻ ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር ግን 25 ግራም ያህል አለው። ስለዚህ ምስሩን ሸጣችሁ እንጉዳይ አትግዙ። ምስሩና ባቄላው በቦታቸው ይቆዩ።

ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? አንደኛ፣ እንጉዳይ ሲደርቅ ውሃው ይወጣና ገንቢው ይሰበሰባል። በጭድ ላይ የሚለማው እንጉዳይ ሲደርቅ ከ100 ግራሙ ከ15 እስከ 30 ግራም ፕሮቲን ይኖረዋል። በዚህ ፕሮቲን ውስጥ ደግሞ ስንዴና በቆሎ የሚያንሳቸው ላይሲን የሚባል ገንቢ አለ። እንጀራውን ይደግፈዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ዋነኛው፣ ኒያሲን የሚባለው ቫይታሚን ነው። በቆሎን ብቻ እየበላ የሚከርም ሰው ይህ ይጎድለዋል። በጣም ሲጎድል ፔላግራ የሚባል በሽታ ይመጣል፤ ፀሐይ የሚያገኘውን ቆዳ ያቆስላል፣ ሆድ ያስቀምጣል፣ አእምሮን ያውካል። 100 ግራም የጭድ እንጉዳይ 5 ሚሊ ግራም ያህል ኒያሲን አለው። ይህ ለአንድ አዋቂ ሰው የቀኑን ፍላጎት ሲሶ ይሸፍናል። ሪቦፍላቪን የሚባለው ቫይታሚንም በደህና መጠን አለው።

ሦስተኛው አስቂኝ ነገር ነው፤ እንጉዳይ እንደ ሰው ፀሐይ ይሞቃል። የሰው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኝ አጥንት የሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ ይሠራል። የተለቀመ እንጉዳይም እንዲሁ። ቆርጣችሁ፣ የቆቡን ሆድ ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ቀትር ላይ አንድ ሰዓት ያህል ብታሰጡት ቫይታሚን ዲው በብዙ ይጨምራል። ከጥላ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ድስት የገባው ይህን አያገኝም።

የሌለውንም ልንገራችሁ። ለዓይን የሚሆነው ቫይታሚን ኤ የለበትም፤ ለዚያ ጎመንና ካሮት አለላችሁ። ደም ለመሥራት የሚያስፈልገውና ከሥጋና ከወተት የሚገኘው ቫይታሚን ቢ 12 በሚጠቅም መጠን አይገኝበትም። ስቡም ኢምንት ነው። ለከሳ ሕፃን ብቻውን ምግብ አይሆንም።

ለጾመኛ ቤት ግን ደስ የሚል ነገር ነው። ረቡዕና ዓርቡ፣ ዐቢይ ጾሙ፣ ፍልሰታው ተደምሮ ሲታይ የሚጾም ሰው የዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋና ከወተት ርቆ ይውላል። በዚያ ሁሉ ቀን ሽሮና ምስር፣ ምስርና ሽሮ ነው። እንጉዳይ ከእንስሳ ስላልሆነ በጾም ይበላል፤ ጣዕሙ ደግሞ የሥጋ መረቅ ያስታውሳል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ከዚያ የ«እ» ትምህርት በኋላ ጉራዬን ነፋሁ። ተማሪዎቼን ከፍርሃት ላወጣ ነው እያልኩ «ፍየል የበላውን ሰው ይበላዋል፤ ትል የገባበት እንጉዳይም መርዝ የለውም» ብዬ አስተማርኩ። ይህን ከየት አመጣኸው ብትሉኝ ከጓደኞቼ የሰማሁት ወሬ ነው። አያቴ እንዲህ ብላ አታውቅም።

ሦስት ቀን ሳይሞላ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ከግጦሹ ሜዳ እንጉዳይ ለቅሞ፣ እረኞች በሚያነዱት እሳት ጠብሶ በላ። ትል አይቶበታል። «መምህሩ ትል ያለበት ደህና ነው ብሏል» ብሎ ለጓደኞቹ ነግሯቸዋል። አባቱ ማታ ማታ ከእኔ ዘንድ ይማራሉ፤ ልጁ ከእሳቸው ሰምቶ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ያስመልሰው፣ ያስቀምጠው ጀመር። በቃሬዛ አድርገን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። መንገዱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ዝናብ ነበር። እናቱ ከኋላችን እየመጡ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጁ በደም ሥሩ ውሃ እየተሰጠው አደረ። በሦስተኛው ቀን ዳነ። ነርሷ ግን እኔን ለብቻዬ ጠራችኝና ያስተማረችኝን እስከ መቃብሬ አልረሳውም። «በቶሎ ማስመለሱ ዕድል ነው። የምፈራው የዘገየውን ነው» አለችኝ።

የዘገየው ምንድን ነው? ከእንጉዳይ ሁሉ የከፋው ገዳይ፣ ሲበሉት ይጣፍጣል። ስድስት፣ አሥር፣ አንዳንዴም ሃያ አራት ሰዓት ዝም ይላል። ከዚያ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ይመጣል። በማግሥቱ ሕመምተኛው የተሻለው ይመስላል፤ ቤተሰብ እፎይ ይላል፤ «ተመስገን፣ አለፈ» ይባላል። መርዙ ግን ያኔ ጉበቱን እየበላ ነው። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ማዳን እጅግ ይከብዳል። ይህ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፤ በማድረቅም አይጠፋም።

ስለዚህ በየመንደሩ የሚነገረው መለያ ሁሉ ከንቱ ነው። ትል መርዝ አይለይም። ቀንድ አውጣ ገዳዩን እንጉዳይ በልቶ ደህና ይሄዳል፤ ሆዱ ከእኛ ሆድ ይለያል። የብር ማንኪያ ይጠቁራል የሚሉት ሐሰት ነው። ነጭ ሽንኩርት አብሮ ሲቀቀል ቀለሙ ይለወጣል የሚሉትም ሐሰት ነው። ቆቡ ከተላጠ ደህና ነው የሚሉትም እንደዚያው። ወተት ማጠጣትም መርዙን አያረክሰውም። አንድ ሰው እንጉዳይ በልቶ ከታመመ፣ ትንሽም ቢሆን፣ የተረፈውን እንጉዳይ በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በስንት ሰዓት እንደበላና በስንት ሰዓት እንደታመመ ጻፉት። መጻፍ ተምራችኋል፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልግበት ቀን የለም።

ታዲያ አባቶች ትክክል ነበሩ፣ እንተወው ማለት ነው? እኔ እንዲህ አልልም። ሐሳቤ እንደ አገሩ ሁለት ነው።

በደቡብ ምዕራብ ላላችሁ፣ በከፋ፣ በሸካ፣ በማጃንግ ላላችሁ፣ በምዕራብም እንደ ጉሙዝ እንጉዳይ ለቅሞ መብላትን ከአባት ከእናት ለወረሳችሁ፦ እናንተን የማስተምራችሁ ነገር የለኝም፤ ከእናንተ የምጠይቀው ግን አለኝ። እናንተ ዘንድ እያንዳንዱ እንጉዳይ በየቋንቋው ስም አለው፤ የሚበቅልበት ዛፍ አለው፤ ወር አለው፤ የአበሳሰል ሥርዓት አለው። ይህ ሁሉ ያለው በአሮጊቶች ልብ ነው። ጫካው እየመነመነ ነው፤ ልጆቹም ወደ ከተማ እየሄዱ ነው። አያቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ዘንድሮ ወደ ኩይሳው አልሄደችም። እኔ የልጅ ልጇ አሥር ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሼ የእንጉዳዮቿን ስም አንድም ቀን ደብተሬ ላይ አልጻፍኩም። እናንተ ግን ፊደል የለያችሁት ገና ዘንድሮ ነው፤ ደብተሩም አዲስ ነው። አንድ ገጽ ለአንድ እንጉዳይ ስጡ። ስሙን በቋንቋችሁ ጻፉ፤ ቆቡን፣ እግሩን፣ ቀለበት እንዳለውና እንደሌለው፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደሚወጣ ጻፉ። የሚመስለው መርዘኛ ካለም እሱን አስቀድሙ።

ይህ ውርስ ለሌለን፣ እንደ እኔ ተማሪዎች በደጋው ላላችሁ ግን፦ ከጫካም ከሜዳም አትልቀሙ። ከመጽሐፍ ሥዕል አይታችሁ አትልቀሙ። እኔ እንደ እኔ ያለ ወጣት ነግሯችሁም አትልቀሙ። ይልቅ እንዝራው።

እንጉዳይ ይዘራል እንዴ? ይዘራል። ፈረንሳዮች በፓሪስ አካባቢ በፈረስ ፍግ ላይ ማብቀል ከጀመሩ ከ300 ዓመት በላይ ሆኗል። ቻይና ዛሬ በእንጉዳይ ምርት ከዓለም አንደኛ ናት። ለእኛ የሚመቸው ኦይስተር የሚባለው ዓይነት ነው። ጀርመኖች ይህንን ማልማት የጀመሩት ከ1914 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. በነበረው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ ረኀብ በጠናባቸው ጊዜ ነው። የሚበላው ጭድ ነው። የጤፍ ጭድ፣ የስንዴ ጭድ፣ የበቆሎ አገዳ፣ የቡና ገለፈት፣ ሁሉም ይሆነዋል። መሬት አይሻማም፤ በሬ አይፈልግም። ዘሩ የታወቀ ስለሆነ ካጨዳችሁት ውስጥ የትኛው መርዝ ይሆን የሚል ሐሳብ አይገባችሁም። ከከረጢቱ ውጭ፣ በአጠገቡ መሬት ላይ የበቀለውን ግን አትንኩ።

እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ስድስት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጣን። ዘሩን ከአዲስ አበባ አስመጣን። ይህ ዘር በማሽላ ወይም በስንዴ ፍሬ ላይ የተራባ ነጭ ክር ነው፤ በንጹሕ ክፍል ስለሚዘጋጅ በቤት አይሠራም። በየቤቱ ከመግዛት በማኅበር መግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ለአንድ ሰው መንገዱም ዋጋውም ይከብዳል።

አሥር ኪሎ የስንዴ ጭድ ወሰድን። ጣት በማይሞላ ርዝመት ከተፍነው። አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍነው። በማግሥቱ በበርሜል ውሃ አሞቅን፤ እጅ የማያስነካ ግን የማይንተከተክ ይሁን። ጭዱን ሁለት ሰዓት አቆየንበት። ይህ የሚደረገው ሌላው ሻጋታ እንዲሞት ነው። ከዚያ አንጠፍጥፈን አቀዘቀዝነው። እፍኝ ጭድ ጨብጣችሁ ስትጨምቁ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወረደ ደርሷል፤ ውሃው ከፈሰሰ ገና ነው። እጃችንን በሳሙና ታጥበን በስድስት የላስቲክ ከረጢት ሞላነው፦ አንድ ረድፍ ጭድ፣ አንድ ረድፍ ዘር እያደረግን። ለሁሉም የገባው ዘር አንድ ኪሎ ነው። ከረጢቱን አስረን በየጎኑ በሳነውና ፍየሎች በወጡበት፣ በጸዳና በጨለማ ክፍል ሰቀልነው።

ከስድስቱ ሁለቱ አረንጓዴ ሻጋታ አወጡ። እነሱን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ቸኩዬ ሳይጠፈጠፍ ነው የሞላሁት። ዱቄቱ ሌሎቹን እንዳይበክል ከቤት አውጥተን ርቀን ቀበርናቸው። አራቱ ግን ጥጥ የለበሱ መሰሉ። በቆላ ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃዋል፤ እኛ በደጋው ብርድ አራት ሳምንት ጠበቅን። ከዚያ መስኮቱን ከፈትን፤ ብርሃንና አየር ይፈልጋል። ወለሉን ውሃ አርከፈከፍን፣ ግድግዳውን አራስን። በስድስተኛው ቀን ከቀዳዳዎቹ እንደ ክብሪት ራስ የመሰሉ ነገሮች ብቅ አሉ። ጳጉሜን 2 ቀን ሦስት ኪሎ ያህል ቆረጥን።

ቆቡ ገና ወደ ታች እንደታጠፈ ቁረጡት። ወደ ላይ ከተገለበጠ ዱቄቱ ቤቱን ይሞላና ያስላል። አንድ ከረጢት በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ሦስት ጊዜ ያህል ይታጨዳል። ከአሥር ኪሎ ደረቅ ጭድ በደህና አያያዝ ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጉዳይ ይገኛል። የተረፈው ጭድ ለማዳበሪያ ይሆናል፤ ካልሻገተም ከብቱ ይበላዋል።

ገበያውን በሚመለከት ምንም ቃል አልገባላችሁም። በከተማ ሆቴሎች ይገዙታል፤ ግን ትኩስ እንጉዳይ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ መንገድ የራቀው ሰው ይከስራል። መጀመሪያ ለቤት ድስት ይሁን፤ የተረፈው ይድረቅ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልበል፤ አባቶች እንዳይቆጡኝ። ውሃ የምታርከፈክፈው፣ ክፍሉን የምትጠርገው እናት ናት። እንጉዳዩ ገንዘብ ያመጣ እንደሆነ ቦርሳው ከማን ዘንድ ይሁን? ማኅበሩ ይህን ዘሩን ከመግዛቱ በፊት ይወስን።

አበሳሰሉን ከአያቴም ከእነዚያ እናትም የተማርኩትን ልጻፍ። ጥሬውን አትብሉ፤ ሆድ አይፈጨውም። ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ እንደ ጨርቅ ይመጠዋል፤ በቶሎ አለቅልቁት ወይም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። በእጅ በየጅማቱ ሰንጥቁት። ዘይት ሳይገባ በጋለ ድስት ላይ አድርጉት፤ ብዙ ውሃ ያወጣል፤ ውሃው እስኪመጥ አማስሉት። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ቸኩሎ ዘይት ይጨምርና እንጉዳዩ በገዛ ውሃው ይቀቀላል። ውሃው ከመጠጠ በኋላ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ዘይት ግቡበት፤ ጨው መጨረሻ ላይ። ይህ ጥብሱ ነው። የፍስክ ቀን በቅቤ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው። ለወጥ ከሆነ ሽንኩርቱንና በርበሬውን አስቀድማችሁ በደንብ አቁላሉ፤ የመጠጠውን እንጉዳይ ከዚያ ጨምሩ። አያቴ በቆጮ ነው የምታበላን። መጀመሪያ የሚቀምስ ሰው ትንሽ ብቻ ይብላ፤ ለአንዳንድ ሰው ሆድ አይስማማም።

የደረቀውን ደግሞ ወቅጣችሁ ከሽሮ ዱቄት ጋር ቀላቅሉት። አሥር ኪሎ ትኩስ ሲደርቅ አንድ ኪሎ ገደማ ነው የሚወጣው፤ አትደንግጡ። ውሃ በማይገባው ዕቃ ከተከደነ ለወራት ይቀመጣል።

እኚያ «መርዝ» ያሉኝ እናት በመጀመሪያው ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የቀመሱት። ዋጡ። ትንሽ ዝም አሉ። «ወጥ እንኳ አይሆንም» አሉ፤ «ሽሮዬን ግን ያጣፍጥልኛል።» በማግሥቱ ማሰሮ ይዘው መጡ።

የታመመው ልጅ አባት ከስድስታችን አንዱ ናቸው። ልጁ አሁንም እንጉዳይ አይበላም፤ አላስገድደውም። ከረጢቶቹን ውሃ የሚያርከፈክፈው ግን እሱ ነው፤ ማንንም አያስቀርብም።

እኔ ትምህርቴ ሊከፈት ስለሆነ በቅርቡ እመለሳለሁ። ሁለተኛው ዙር ብቅ ማለት ጀምሯል። ማየት የምትፈልጉ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ መምጣት ትችላላችሁ። ስትገቡ በሩን ቶሎ ዝጉ፤ ዝንብ ይገባል።